«ይከብዳታል» ያላችሁ ማነው?

በየዓመቱ በብርዱ ወራት፣ ከጃንዋሪ እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ፣ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው የሚቀጥለውን ዓመት ትምህርት ያስመርጣሉ። ነገሩ በአንድ ቅጽ ያልቃል። ልጁ ኮምፒውተር ላይ ይሞላል፣ አማካሪው አይቶ ያጸድቃል፣ በቃ። በዚያ ሰዓት አባትየው ደለስ ኤርፖርት ታክሲ ውስጥ ተራ እየጠበቀ ነው። እናትየው ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሰው አባት እያጠበች ነው። ለልጃቸው ምን እንደተመረጠለት ቀርቶ ምርጫ መኖሩንም አልሰሙም። ልጁ ከሚገባው ክፍል አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይመደባል፤ ማንም አልነገራቸውም፣ እነሱም አልጠየቁም። እኔ ይህን ሌብነት እለዋለሁ። ቃሉን መርጬ ነው የተጠቀምኩት።

የሚሰረቀው ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ኤፒ የሚባለው ተማሪው ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳለ የሚማረው የኮሌጅ ትምህርት ነው። እኛ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ገብተን በፍሬሽማንነታችን የተጋፈጥነው ካልኩለስ፣ ኬሚስትሪ፣ ኢኮኖሚክስ፣ እዚህ አገር አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ፣ አንዳንዱም ከዚያ በታች ይሰጣል። ሜይ ላይ ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት አገር አቀፍ ፈተና ያወጣል። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። 3 ወይም 4 እና ከዚያ በላይ ላመጣ ተማሪ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይ የመንግሥቶቹ፣ ትምህርቱን እንደጨረሰ ቆጥረው ክሬዲት ይሰጡታል። ሌላው መንገድ ዱዋል ኢንሮልመንት ነው። ልጁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንደሆነ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይመዘገባል፣ ያለፈው ትምህርት በሁለቱም ትራንስክሪፕት ላይ ይጻፍለታል። በሜሪላንድ፣ ገዥው ቢቃወምም በ2021 በጸናው ብሉፕሪንት በተባለው ሕግ መሠረት፣ የኮሌጅ ዝግጁነት መለኪያውን ያለፈ ተማሪ ይህን ሲማር የትምህርት ክፍያውን ወላጅ አይከፍልም። ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በሞንጎመሪ ኮሌጅ በኩል የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማና የሁለት ዓመት አሶሺየት ዲግሪ በአንድ ጊዜ ይዘው የሚወጡ ልጆች አሉ።

አስሉት። የባችለር ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። ሦስት ሦስት ክሬዲት ያላቸው አምስት ትምህርቶች 15 ይሆናሉ፤ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ማለት ነው። የአንድ ሴሚስተር ክፍያ፣ የአንድ ሴሚስተር መኝታና ምግብ፣ ልጁ እስከ ሠላሳና አርባ ዓመቱ ከነወለዱ የሚገፋው ብድር። ሌሊት ሌሊት ለሚነዳ አባት ይህ ገንዘብ የስንት ወር እንቅልፍ እንደሆነ እሱ ራሱ ያውቀዋል። ግን ማንም ጠርቶ አልነገረውም።

ይህ ትምህርት ሲጀመር ለእኛ ልጆች ታስቦ አልነበረም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንዶቨር፣ ኤክሰተርና ሎረንስቪል የሚባሉ የባለጸጋ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤቶች ከሃርቫርድ፣ ከዬልና ከፕሪንስተን ጋር ተቀምጠው መከሩ። ያስጨነቃቸው ልጆቻቸው ኮሌጅ ገብተው የሚያውቁትን መድገማቸው ነበር። ፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ አወጣ፣ ኮሌጅ ቦርድ ሥራውን ተረከበ፣ የመጀመሪያው ፈተናው በ1956 ተሰጠ። ዛሬ ወደ 40 የሚጠጉ ትምህርቶች አሉት፤ በተራ የመንግሥት ትምህርት ቤትም ይሰጣል። ኮሌጅ ቦርድ ራሱ ትምህርት ቤቶች መሰናክሉን እንዲያነሱ በጽሑፍ ያሳስባል። በብዙ ሕንጻ ውስጥ ግን የጥንቱ ሐሳብ አልሞተም። ጠዋት በኮሪደሩ እለፉና በየበሩ መስታወት ወደ ውስጥ ተመልከቱ። የኤፒ ክፍሉን ፊቶች እዩ፣ ከዚያ ጎረቤቱን ተራ ክፍል እዩ። አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ትምህርት ቤት አለ። የእኛ ልጆች በየትኛው እንደሚበዙ ለማወቅ ቆጠራ አያስፈልግም።

ልጄ አሥረኛ ክፍል ሳለች በኬሚስትሪ ኤ ነበራት። ለሚቀጥለው ዓመት ኤፒ ኬሚስትሪ ልውሰድ አለች። አማካሪዋ ጠራችኝና በጣም በትሕትና፣ ፈገግ ብላ፣ «ይከብዳታል፤ ጭንቀት እንዳይበዛባት ብዬ ነው» አለችኝ። ይህን የሚያሳየው የትኛው ውጤቷ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ፋይሉን ከፈተች። ፋይሉ ላይ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ኢሶል፣ ማለትም የእንግሊዝኛ ድጋፍ ክፍል፣ ውስጥ እንደነበረች ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም። ከስምንት ዓመት ሕፃን ፋይል ላይ የተለቀመ ምልክት የአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ኬሚስትሪ ላይ ፈረደ! እኔ እንግሊዝኛ አለኝ፣ ሥራዬም ለአንድ ቀን ተነስቼ ብቀር አያባርረኝም፤ ስለዚህ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አልነሳም አልኩ፣ ልጄም ገባች። እንግሊዝኛው የማይሞላላት፣ ሽፍቷን ካጣች የቤት ኪራይ የሚጎድልባት እናት ግን ምን ታድርግ? ከዚያ ወዲህ የጎረቤትና የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቼን እያጀብኩ ለማስተርጎም ብዙ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። የምሰማው ቃል ያው ነው፤ ይከብዳታል፣ ይከብደዋል፣ አይጨናነቅ፣ በሚቀጥለው ዓመት እናያለን። ክፉ ቃል የሚናገር የለም። ደሜን የሚያፈላው ይኸው ነው። በደግነት ድምፅ ስለሚነገር ወላጅ እጅ ነስቶ፣ አመስግኖ ይወጣል።

ከሁሉ የከፋው ሒሳብ ላይ ነው፤ እዚያ ልጁ የሚሰረቀው ገና አሥር አሥራ አንድ ዓመቱ ላይ ነው። የአሜሪካ የሒሳብ ትምህርት መሰላል ነው፣ አንዱን ሳይረግጡ ቀጣዩ ላይ አይወጣም። አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ። አምስት ዓመት። ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ነው፣ አራት ዓመት። እንግዲህ በቀጥታው መንገድ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ካልኩለስ የሚደርሰው አልጀብራ 1ን ስምንተኛ ክፍል ላይ የጨረሰ ልጅ ነው። ለዚያ ደግሞ ስድስተኛ ክፍል ላይ ፈጠን ያለው የሒሳብ ክፍል መግባት አለበት። ምደባው የሚሠራው አምስተኛ ክፍል ሲያልቅ ነው። ልጁ ገና ሲጫወት ጉልበቱን እያቆሰለ በሚመጣበት ዕድሜ፣ ኢንጂነር ለመሆን በሚያስችለው መንገድ ይሂድ አይሂድ ተወስኖ ያድራል። ወላጁ የሚያየው የሪፖርት ካርድ ላይ ኤ ነው። በየትኛው ሒሳብ የተገኘ ኤ እንደሆነ ካርዱ አይጮህም። ስድስት ዓመት ሙሉ «ልጄ ጎበዝ ነው» እያለ ኖሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው የሚነቃው። አንዳንዱ ልጅ በሰመር ትምህርት ወይም በአንድ ዓመት ሁለት ሒሳብ ደራርቦ ይደርሳል፤ ይህን የሚያውቀው ግን ቀድሞ የተነገረው ነው።

ይህ የስሜት ወሬ አይደለም። የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር በ1999 ያወጣው የክሊፎርድ አደልማን ጥናት ኮሌጅ የገቡ ተማሪዎችን ትራንስክሪፕት ተከትሎ፣ ዲግሪ መጨረስን ከሁሉ በላይ የሚተነብየው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ ክብደት ነው ብሏል። ከአልጀብራ 2 በላይ አንድ ሒሳብ የጨረሰ ተማሪ ዲግሪውን ይዞ የመውጣት ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁሮች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ እየተደበደበ የታገለው ቦብ ሞዘስ፣ ዕድሜው ሲገፋ አልጀብራ ማስተማርን የትግሉ ቀጣይ አድርጎ ነው የያዘው። እንዲያ ያለ ሰው አልጀብራን ከድምፅ መስጫ ካርድ እኩል ካስቀመጠ፣ እኛ «እሺ፣ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለን የምንፈርመው በምን ልባችን ነው?

ስለ ኢሶል ደግሞ በግልጽ ልናገር። ድጋፉ መልካም ነው፣ ለመጣ ልጅ ያስፈልገዋል። ቋንቋ የሚማር ልጅ ግን ጭንቅላቱ ባዶ አይደለም። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ዘጠነኛ ክፍል በሒሳብ አንደኛ የነበረ ልጅ እዚህ ሲመጣ፣ እንግሊዝኛው እስኪደርስ ድረስ እዚያ ከሁለት ዓመት በፊት የጨረሰውን ሒሳብ እንደገና ይማራል። መምህሩ የሚሰጠውን ጥያቄ በቃሉ ሠርቶ ጨርሶ መስኮት ያያል። በ1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላው በኒኮልስ ላይ በመሠረተው ክስ፣ የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎችን ጉዳይ አይቶ፣ ቋንቋውን የማያውቅን ልጅ ዝም ብሎ ማስቀመጥ እኩል ትምህርት አይደለም ሲል ፈርዷል። ሕጉ ጸንቶ አለ። ሕጉን አንብቦ የሚጠይቅ ወላጅ ነው የጎደለው። ሌላም ልጨምር፤ ኤፒ የአፍሪካ አሜሪካውያን ጥናት የሚባለው አዲስ ትምህርት አክሱምን ያስተምራል። የኤፒ የዓለም ታሪክም ኢትዮጵያን በምሳሌነት ይዟል። የእኛ ልጅ ግን «ንባቡ ይከብደዋል» ተብሎ አያቶቹ ከሚነሱበት ክፍል ውጭ ይቀመጣል።

ይከብዳቸዋል ለሚሉ ሁሉ መልሱ ከአርባ ዓመት በፊት ተሰጥቷል። ሃይሜ ኤስካላንቴ የሚባል ቦሊቪያዊ ነበር፣ በ1930 ላፓዝ የተወለደ። በአገሩ ፊዚክስና ሒሳብ አስተማሪ ነበር። በ1960ዎቹ አሜሪካ ሲገባ ዲፕሎማው ዋጋ አልነበረውም፣ እንግሊዝኛም አልነበረውም። የምግብ ቤት ወለል ወለወለ፣ ወጥ ቤት ሠራ፣ ማታ ማታ እየተማረ እንደገና ዲግሪ ያዘ። ይህን ስታነቡ አሁን ስንት ሰው ፊታችሁ እንደመጣ አውቃለሁ፤ አገር ቤት ፊዚክስ ያስተምር የነበረው፣ ዛሬ ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ የተቀመጠው። ኤስካላንቴ በ1974 ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ፣ ጋርፊልድ ትምህርት ቤት ተቀጠረ። ተማሪዎቹ የሜክሲኮ ስደተኞችና የሠራተኛ ልጆች ነበሩ፤ ትምህርት ቤቱ ከዕውቅና ሊወጣ ተቃርቦ ነበር። እሱ ግን ካልኩለስ አስተምራቸዋለሁ አለ። ተሳቀበት። ጠዋት ከደወል በፊት፣ ማታ ከደወል በኋላ፣ ቅዳሜም እያስተማረ፣ በ1982 አሥራ ስምንት ተማሪዎቹ የኤፒ ካልኩለስ ፈተና ተቀመጡና አሥራ ስምንቱም አለፉ።

ከዚያ የሆነውን አስተውሉ። ፈታኙ ድርጅት አሥራ አራቱን ኮርጀዋል ብሎ ጠረጠረ። አሥራ ሁለቱ እንደገና ተፈተኑ። በጥብቅ ቁጥጥር ሥር፣ ለዝግጅት ብዙ ጊዜ ሳይሰጣቸው፣ አሥራ ሁለቱም እንደገና አለፉ። በ1987 ከዚያው ትምህርት ቤት በርካታ ደርዘን ተማሪዎች ፈተናውን አለፉ። ልጆቹ ድሮም እዚያው ነበሩ። ሰፈሩ ያው፣ ድህነቱ ያው፣ የቤቱ ቋንቋ ያው። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ «አይከብዳችሁም» የሚል ሰው ፊታቸው ቆመ። ያም ሰው ራሱ ስደተኛ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

አሁን ወደ እኛው ልምጣ፣ ቁጣዬ ለፈረንጁ ብቻ አይደለምና። ልጅን ለየኔታ አስረክቦ ዘወር ማለት ያደግንበት ነው። አስተማሪ ሲናገር አይጠየቅም። አገር ቤት መንግሥት ሥርዓተ ትምህርቱን ያወጣል፣ መንግሥት ይፈትናል፣ መንግሥት ይመድባል፤ ወላጅ ደብተርና እስክሪብቶ ገዝቶ ይጸልያል። ያ ልማድ እዚህ ልጅ ያስበላል። እዚህ ትምህርት ቤት የጠየቀ ይሰጠዋል፣ ያልጠየቀ የተረፈው ይደርሰዋል። የዚህ አገር እናት ኢሜይል ትጽፋለች፣ ካልተመለሰላት ደግማ ትጽፋለች፣ ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ትገኛለች፣ ልጇም ክፍሉ ውስጥ ይገባል። የእኛዋ «ዝም አይነቅዝም» ትላለች። ይነቅዛል! በዝምታችን ውስጥ የልጃችን ጭንቅላት እየነቀዘ ነው። አክብሮት መስሎን የምናደርገውን እነሱ አለመፈለግ ብለው ይጽፉታል።

አዳራሽ መሙላት እንደምንችል ደግሞ አውቃለሁ። ለአገር ቤት ፖለቲካ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ውስጥ ስንት አዳራሽ ሞልተናል፣ በብርድ ስንት ሰልፍ ወጥተናል። የሞንጎመሪ ካውንቲም ሆነ የፌርፋክስ የትምህርት ቦርድ አባላት በእኛም ድምፅ ይመረጣሉ፤ ስብሰባቸው ላይ ሕዝብ ተመዝግቦ ይናገራል። በአማርኛ የሚነገረን ነገር ሁሉ፣ በሞንጎመሪ ትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ ላይ በአማርኛ የሚወጣው ማስታወቂያ ሳይቀር፣ ብዛታችን ስለታየ የመጣ ነው። እዚያ ማይክሮፎን ላይ ግን የእኛን ድምፅ ከቶ አይሰሙትም ማለት ይቻላል።

ልጆች እየተጨነቁ ነው፣ እንቅልፍ አጡ፣ የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፣ በአንድ በኩል። በአራት ዓመት አሥር አሥራ ሁለት ኤፒ እያስጫኑ፣ ቡና ላይ የልጃቸውን ጂፒኤ እንደ ሎተሪ ዕጣ የሚያነቡ ወላጆች አሉ፤ ያ ልጅን መውደድ አይደለም። ኮሌጅ ቦርድም ከአንድ ፈተና ወደ 100 ዶላር የሚጠጋ ይሰበስባል፣ በመጸው ቀነ ገደቡ ካለፈበት ልጅ ቅጣት ይጨምራል፤ የዓመት ልፋት በአንድ የሜይ ጠዋት ላይ መንጠልጠሉም ትክክል አይመስለኝም። ዳርትማውዝ የመሰሉ ኮሌጆች ጭራሽ ክሬዲቱን አይሰጡም። ለዚህ ነው እኔ ብጠየቅ፣ አቅሙ ለደረሰ ልጅ ሦስት ወይም አራት በደንብ የተመረጠ ኤፒ ይዞ የቀረውን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቢወስድ የምመርጠው፤ እዚያ ሴሚስተሩን ሙሉ የሠራው ይቆጠርለታል። ግን ስሙኝ፤ የአንዱ ልጅ አሥራ ሁለት ኤፒ መብዛቱ የሌላውን ልጅ አንድም አለማግኘት ትክክል አያደርገውም። ጭንቀት የሚባለው ክርክር የሚነሳው ሁልጊዜ የእኛ ልጅ ተራ ሲደርስ መሆኑን ደግሞ አይቻለሁ።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ሌሎች አድርገውታል። በዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትል አጠገብ ያለችው ፌደራል ዌይ በ2010 ነገሩን ገለበጠችው። የግዛቱን ፈተና ያለፈ ልጅ ሁሉ ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳይመክርለት፣ በቀጥታ ከበድ ያለው ክፍል ውስጥ ይመዘገባል፤ የማይፈልግ ወላጅ ፈርሞ ያስወጣዋል። በ2019 ግዛቱ ይህንን ለሁሉም ወረዳ ሕግ አደረገው። በዚያው ግዛት ራኒንግ ስታርት የሚባለው ፕሮግራም ከ1990 ጀምሮ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ያለ ትምህርት ክፍያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያስተምራል፤ የሲያትል ወገኖቻችን ልጆች ተጠቅመውበታል። ኖርዝ ካሮላይና በ2018፣ ቴክሳስ በ2023 በሒሳብ ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ በቀጥታ ከፍ ያለው ሒሳብ ውስጥ እንዲመደብ ሕግ አወጡ። ቴክሳስ የቻለውን ሜሪላንድ የማይችልበት ምክንያት የለም። የአማካሪ ፈገግታ ላይ ሳይሆን ቁጥር ላይ ይፈረድ፤ የምንለው ይኼው ነው። ምርጫ ሲመጣ ለትምህርት ቦርድ የሚወዳደረውን ሁሉ አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፤ ብቁ የሆነን ልጅ በቀጥታ ታስመዘግባለህ ወይስ አታስመዘግብም? አላስመዘግብም ካለ ድምፃችንን አያገኝም።

ሕጉ እስኪመጣ ግን ልጃችሁ አይጠብቅም፣ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ክፍል ያልፋል። ስለዚህ አባቴ፣ እናቴ፣ በዚህ ሳምንት ወደ ልጃችሁ ትምህርት ቤት ደውሉ። የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ልጃችሁን አታስተርጉሙት። ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ልጄ በየትኛው የሒሳብ መስመር ላይ ነው? ለሚቀጥለው ዓመት የትኛው ኤፒ ወይም የኮሌጅ ትምህርት ይደርሰዋል? አይደርሰውም ካላችሁ በየትኛው ውጤቱ? መልሱን በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። «ይከብደዋል» ካሏችሁ ከወንበሩ አትነሱ።